ውሃውን ሊያካፍሉ የመጡት ሽማግሌ

(ረፋድ ላይ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሕንፃ፤ የዶክትሬት ተማሪዋ ቤዛዊት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ በሽምግልና የላኳቸው ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ አቶ ወንድይራድ ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።)

ወንድይራድ፦ እሺ ካላልሽኝ አልቀመጥም።

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጋብቻ ጥያቄ አይደለም። ይቀመጡ፤ ወንበሩ ምን በደለዎት?

ወንድይራድ፦ ሽማግሌ ነገሩ ሳይያዝለት አይቀመጥም። ያን ደብዳቤ ለመጽሔቱ አልልክም በይኝ፣ እንኳን ወንበር ላይ መሬት ላይም እቀመጣለሁ።

ቤዛዊት፦ ምን ብለው ነው የላኩዎት?

ወንድይራድ፦ «ያስተማርኳት ልጅ ልታዋርደኝ ነው። አብረን ያሳተምነውን ጥናት ሰርዙት ልትል ነው» አለኝ። ሰውየው ሐሙስ ሊሸለም ነው! ባነሩ ተሰቅሏል። «ውሃ ያላት ዓለም አገኘን» ይላል። ስገባ አነበብኩት፣ ደስ ይላል።

ቤዛዊት፦ ውሃ ይኑራት አይኑራት አናውቅም።

ወንድይራድ፦ ባለፈው ወር በሬዲዮ አላት ስትዪ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ!

ቤዛዊት፦ ብያለሁ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ወንድይራድ፦ ለመሆኑ ከዚህ ተቀምጠሽ እንዴት ታየሽ? እኔ የግድግዳ ጎረቤቴ ምን እንደሚበላ አላውቅም።

ቤዛዊት፦ ፕላኔቷንማ አናያትም። በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑን ትንሽ ትከልለዋለች። ጥቂት ብርሃን ደግሞ ዙሪያዋን በከበባት አየር ውስጥ ሾልኮ ይደርሰናል። እሱን በየቀለሙ እንዘረዝረዋለን። የውሃ እንፋሎት ካለ የሚወደውን ቀለም ውጦ ያስቀራል። የጎደለውን አይተን የበላውን እናውቃለን።

ወንድይራድ፦ ሌባውን በጎደለው እህል! ጥሩ ዘዴ ነው። ታዲያ ምን ቸገረሽ?

ቤዛዊት፦ ሌባው ሌላ ሊሆን ይችላላ። ኮከቧ ከኛ ፀሐይ የቀዘቀዘች ናት፤ ፊቷ ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጥቦች አሉባት። እነሱም ጋ የውሃ እንፋሎት አለ። እኔ ስሌቱን ስሠራ ፊቷ ጥርት ያለ ነው ብዬ ተነሣሁ። መስኮቴን ሳልወለውል መንገደኛውን «ፊትህ ቆሽሿል» እንደማለት ነው።

ወንድይራድ፦ ኮከብም ማድያት ታወጣለች በይኛ!

ቤዛዊት፦ ታወጣለች። እኔ ነኝ ያላየሁላት።

ወንድይራድ፦ በቃ እናካፍላችሁ። ግማሹ ውሃ የኮከቧ፣ ግማሹ የፕላኔቷ ይሁን። ሠላሳ ዓመት ድንበር ስለካ ስንቱን ያስታረቅሁት እንዲህ ነው።

ቤዛዊት፦ በእርቅ የሚፈልቅ ውሃ የለም፣ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ ቢኖርስ ባይኖርስ ማን ሄዶ ሊቀምሰው? ስንት ቀን ያስኬዳል?

ቤዛዊት፦ ብርሃን ራሱ ስድሳ ዓመት ይፈጅበታል።

ወንድይራድ፦ በይ እንግዲህ! እሱም እኔም አፈር ስንሆን ነው። የሰማይን ነገር ለሰማዩ ባለቤት ተዪለት።

ቤዛዊት፦ ሌሎች ሰዎች በሌላ ቴሌስኮፕ እያዩዋት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ወንድይራድ፦ እያደር ነው የተባለው፤ ከሐሙስ በፊት አልተባለም! ልጄ፣ ሰውየው ለጡረታ የቀረው ስድስት ወር ነው። ስትቀጠሪ ዋስ የሆነሽ እሱ፣ እናትሽ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያመላለሰሽ እሱ። በዚህ ሰው ላይ ክስ ስትጽፊ እጅሽ አልተያዘም?

ቤዛዊት፦ ክስ አሉዎት?

ወንድይራድ፦ «ጥፋቱን በኔ ላይ ጭና ነው» ብሎኛል።

ቤዛዊት፦ ደብዳቤውን አላዩትም። ይኸውልዎት፣ በአማርኛ ላንብብልዎት። «ስህተቱ የተፈጠረው በእኔ ስሌት ነው። ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ ሥራዬን አምነው ፈረሙ እንጂ ስለ ነጥቦቹ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።»

ወንድይራድ፦ ይኸው ነው?

ቤዛዊት፦ ይኸው ነው። ከላክሁት ዶክትሬቴ አብሮ ይሄዳል፤ የአራት ዓመት ልፋት። ጽፌ ከጨረስኩ አሥራ አንድ ቀኔ። ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ አንዲት ቃል ለውጬ እዘጋዋለሁ። እርስዎ በሩን ሲያንኳኩ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? እፎይ! የሚከለክለኝ ሰው መጣልኝ።

ወንድይራድ፦ አይ ልጄ...

ቤዛዊት፦ በቃ፣ እሺ። አልልክም። ተሳክቶልዎታል፣ ይቀመጡ።

ወንድይራድ፦ ቆይ፣ እንደቆምኩ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአገራችን ለእርቅ ሽማግሌ የሚልክ ማን ነው?

ቤዛዊት፦ ያጠፋ ሰው።

ወንድይራድ፦ ያጠፋሽው አንቺ ከሆንሽ፣ እሱ ምን አጥፍቶ ነው እኔን የላከኝ?

ቤዛዊት፦ ወንበሩ ይኸውልዎት።

ወንድይራድ፦ ነጥቦቹን መቼ ነው ያየሻቸው?

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ እሺ ብያለሁ እኮ።

ወንድይራድ፦ መቼ?

ቤዛዊት፦ ጥናቱ ሊታተም ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

ወንድይራድ፦ ለማን ነገርሽ?

ቤዛዊት፦ ይተዉት።

ወንድይራድ፦ እኔ የድንበር ድንጋይ ከቦታው ያነሣን ሰው በአረማመዱ የምለይ ነኝ። ለማን ነገርሽ?

ቤዛዊት፦ ለሳቸው። «መጀመሪያ ይውጣ፣ ኋላ እናየዋለን» አሉኝ። ወጣ። ኋላም አላየነውም። ግን ጋሼ፣ አባቴ ቢኖር ከሳቸው የበለጠ አያደርግልኝም ነበር።

ወንድይራድ፦ ውሃውን አላካፍልም ያለችው ልጅ እውነቱን ለሁለት ሰንጥቃ የሱን ግማሽ ደብቃዋለች! «አያውቁም ነበር» ብለሽ ጽፈሽ?

ቤዛዊት፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ስድስት ወር ነው የቀራቸው። እርስዎ ራስዎ አሁን አላሉም?

ወንድይራድ፦ ያልኩት በነገረኝ ልክ ነው። በኔ ሽበት መሸፈኛ ሊገዛበት መሆኑን ማን ነገረኝ?

ቤዛዊት፦ ስልኬ... እሳቸው ናቸው። «ተስማማች ወይ» ሊሉ ነው። ምን ልበላቸው?

ወንድይራድ፦ ወዲህ ስጪኝ፤ አንቺ ያቺን መስመር አስተካክዪ። ሽማግሌ ልከህ ነበር፣ ምስክር ሆኜ እመለስልሃለሁ ልለው ነው።