የጋሼ ሳንባ የማን ነው?

የሆስፒታሉን መጋረጃ ሰፍቼ ላስረክብ ስሄድ ነው ያገኘሁት። ሁለት ጥቅል ጨርቅ ተሸክሜ በኋላ በር ስገባ፣ ታላቅ ወንድሜ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ግራ ቀኙን እያየ ሊወጣ ሲል ግንባር ለግንባር ተጋጠምን። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው እንደ ሌባ ድመት ሲሽሎኮሎክ ማየት ያስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም። በዚያ ጠዋት የት መሆን እንደነበረበት አውቃለሁና።

ልጁ ነርስ ናት፤ እዚያው ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ሆስፒታሉ ብዙ ዓመት ላጨሱ ሰዎች፣ ሲጋራውን ትተውትም ቢሆን፣ ሳይታመሙ ሳንባቸውን በማሽን የሚያይ ምርመራ ጀምሯል ብላ፣ ለምና ለምና ቀጠሮ አስያዘችለት። ለምና ያልኩትን ልብ በሉልኝ። አባት የገዛ ሳንባውን እንዲያሳይ ልጅ እግሩ ላይ ትወድቃለች!

«ጋሼ፣ ተነሣህ እንዴ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሳንባህን ነዋ! የመታወቂያ ፎቶ መሰለህ?»

«ወረፋው በዛብኝ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

በትከሻው ላይ አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያዛጋሉ።

«ሁለት ሰው ነው የበዛብህ? ነዳጅ ጠፋ ሲባል ማደያ በር ላይ ስታድር የኖርክ ሰውዬ!»

«አንቺ ሴትዮ ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!» አልኩና ጥቅሎቹን በሩ መሃል ጥዬ ላያቸው ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ሊያስነሣኝ መጣ፤ ፊቴን ሲያይ ተመለሰ።

ጋሼ መውጫ ሲያጣ አጠገቤ ቆመና የሽማግሌ ድምፁን አወጣ። «እህቴ፣ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። እኔ ሲጋራ ከተውኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ይሄ ነገር ለሚያጨሱት ነው። የተወ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«መተውህንማ ማን ይክድሃል? ጎበዝ ነህ። የሚገባውን ጭስ አቁመሃል። ያን ሁሉ ዓመት የገባውን ግን ማን አየልህ? ጓደኞችህ ‹ጭስ ማውጫው› እያሉ ይጠሩህ የነበረው በቁንጅናህ ነው? ሞተሩ ስለጠፋ ጥላሸቱ ከቱቦው ውስጥ ይበናል?»

«አላሳለኝ፣ አልወጋኝ! ደረጃ ስወጣ ከአንቺ እቀድማለሁ። ደህና ሰው ሐኪም ቤት መሄዱ ሳይርበው እንደሚለምን ሰው ነው።»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ምኑን ሸሸግኩ? የለብኝም እኮ ነው የምልሽ!»

«የለብህም ያለህ ማነው? አንተ አይደለህ ከተማ ከመልቀቅህ በፊት ጎማውን ሁሉ በመዶሻ እየመታህ ድምፁን የምታዳምጠው? ፈንድቶ ነበር? አልፈነዳም። ታዲያ ለምን ትመታው ነበር? ለጎማ ያሰብከውን ለሳንባ ማሰብ አቃተህ?»

ይሄን ጊዜ ልጁ ነጭ ጋውኗን እያውለበለበች፣ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ከኮሪደሩ ብቅ አለች። እኔን ስታይ የጌታ መልአክ የተላከላት መሰላት።

«አክስቴ፣ እባክሽ አስረጂልኝ።»

«አንቺ የተማርሽው አስረጂው። እኔ መሳደብ ነው የምችለው።»

ጋሼ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ማሽኑ ራሱ ጨረር አለው ይላሉ። ጤነኛ ገብተሽ በሽተኛ ብትወጪስ?»

«ጨረር አለው፤ ግን ለዚህ ምርመራ ተብሎ በጣም እንዲያንስ ተደርጓል። መርፌ የለውም። ትተኛለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ አለቀ። የመኪናህ ታንከር ነዳጅ እስኪሞላ አይፈጅም።» አጠገቡ ቆማ እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ አላባብልህም። አንዳንዴ ምንም ያልሆነች ጠባሳ ትታይና ሰው ይደነግጣል፤ ድገሙ ይባላል። ይሄም አለው። ግን የሳንባ ካንሰር ተንኮለኛ ነው። ሲጀምር አያምም። ሳል አምጥቶ፣ ደም አስተፍቶ እስኪታወቅ ብዙውን ጊዜ ከእጅ ወጥቷል። ሳያምህ ና የምንልህ ለዚህ ነው። ምንም ሳይሰማህ ከተገኘ መዳን ይቻላል።»

መልሱ ጥሩ ነበር። እኔ ብሆን አምኜ እገባ ነበር። ጋሼ ግን ድንገት ጮኸ፤

«እሺ ተነሣሁ እንበል! ‹ምንም የለብህም› አላችሁኝ እንበል! በምን አምናችኋለሁ?»

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

«ታናሼን ምን ብዬ ነው የሸኘሁት? ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። እናንተም እወቁት። መካከለኛው ወንድማችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ እሱም አጫሽ። ሳንባው ታሞ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ሐኪሙ የነገረው ለበሽተኛው አይደለም፤ ለጋሼ ነው። ጋሼ ወንዶቹን ዘመዶች ሰብስቦ «እንዳይሰማ፤ ከሰማ ይሰበራል» ብሎ አስማላቸው። እኔም እንዳልሰማ ተደረገ፤ «እሷ ሆደ ባሻ ናት፣ አልቅሳ ታስነቃለች» ተብሎ። ለወንድሜ «ብርድ ነው» አሉት። ብርድ ነው የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲዘረጋ ዋለ። ሲጋራውንም አልጣለም፤ ለብርድ ብሎ ማን ሲጋራ ይጥላል? ሚስቱን ሳይሰናበት፣ ልጆቹን ሳይመክር፣ «ሲሻለኝ እንዲህ አደርጋለሁ» እንዳለ ሄደ። እኔ እውነቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ታዲያ አሁን በራስህ ሲመጣ ፈራህ?» አልኩት። አላዘንኩለትም።

«አዎ ፈራሁ! ዓይኑን እያየሁ ነው የዋሸሁት። ‹ጋሼ ካለ ልክ ነው› ብሎ አመነኝ። እኔንም እንደዚያ ታደርጉኛላችሁ። ብትስቁልኝ ልሞት ነው እላለሁ። ብታኮርፉኝ ልሞት ነው እላለሁ። ነፃ ነህ ብትሉኝ ጭራሽ እንቅልፍ የለኝም! ከዚህስ አለማወቅ ይሻለኛል።»

«አባዬ፣ እኔ አልዋሽህም» አለች ልጁ።

«እንግዲያው ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። ጠዋት ከሐኪሙ ጋር ስታወሪ አይቻለሁ፤ ምን አልሽው?»

የጋውኗን ኪስ ማፍተልተል ጀመረች።

«‹የሆነ ነገር ካለ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ› ነው ያልኩት… እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ተማረች የተባለችው ይህች ናት!» አልኩ። «ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ፣ ውስጡ ግን ያው የአባትሽ ጭንቅላት!»

«አክስቴ፣ ከፍቅር እኮ ነው።»

«ወንድሜን ያለ ስንብት የቀበረው ይሄው ፍቅራችሁ ነው! የሰውዬው ቤት ቢቃጠል ለጎረቤቱ ነግረሽ እሱን ታስተኚዋለሽ? ሳንባው የማን ነው? የአንቺ ነው? የእኔ ነው? የዘመድ ጉባኤ ነው?» ወደ ጋሼ ዞርኩ። «አንተም አንገትህን አትነቅንቅ! አስተማሪዋ አንተ ነህ። ውሸቱን በቤታችን ያስገባኸው አንተ፣ ሰው ሁሉ ይዋሸኛል ብለህ የምትሸሸውም አንተ!»

ጋሼ ተው አላለኝም። ድሮ ቢሆን በታላቅነቱ ዝም ያሰኘኝ ነበር። «ልክ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ውሸት ይዤው ነው የምሞተው።»

«ይዘኸው አትሞትም። ተነሡ፤ ሁለታችሁም ወደ ሐኪሙ።»

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ልጅቷ በአባቷ ፊት ቆማ «ዶክተር፣ ጠዋት ያልኩህን አንስቻለሁ። ውጤቱን ለአባቴ ብቻ ንገረው። እሱ ከፈቀደ ለእኛ ይነግረናል» አለች።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ጋሼ አስጠጋ። «አባቴ፣ የእርስዎም ፍላጎት እንደዚያ ነው?»

«ክፉም ቢሆን። ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ።»

«እንግዲያው እርስዎ ሳይሰሙ ማንም አይሰማም። እኔም ጠዋት እሺ ማለት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ።»

ጋሼ ኮቱን ለእኔ ሰጥቶ ገባ። ሲወጣ «ይኸው ነው እንዴ?» አለ፤ የተታለለ ይመስል።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲጠራው ልጅቷ ልማድ ሆኖባት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። የጋውኗን ጫፍ ይዤ ቁጭ አደረግኳት። በሩ ተዘጋ። እኛ ውጭ ቀረን።

«ምን እያለው ይሆን?» ትላለች እጆቿን እያፋተገች። «አክስቴ፣ ቆየ አይደል? ለምን ቆየ?»

«አየሽ፣ አለማወቅ እንዲህ ነው» አልኳት። «ቅመሺው።» የራሴን ፍርሃት ልደብቃት አስቤ፣ ወዲያው አፈርኩና «እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት።

ጋሼ ወጣ። ፊቱን በረበርነው፤ ምንም አይነበብም። መሃላችን ተቀመጠና ቃል በቃል ነገረን።

«ቀኝ ሳንባዬ ላይ፣ ወደ ላይ በኩል፣ ምስር የምታህል ነገር አለች። ምን እንደሆነች ገና አይታወቅም። እንዲህ ያለችው ብዙ ጊዜ ጠባሳ ሆና ትቀራለች ብሎኛል። ከስድስት ወር በኋላ ደግመው ያዩዋታል። ካደገች ናሙና ይወስዳሉ። ክፉ ከሆነችም ገና ሳትሰፋ ቆርጠው ያወጧታል። ያለው ይኸው ነው።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ መሐረቡን ሰጣት። «አልቅሺ። የተከለከለው መዋሸት ነው እንጂ ማልቀስ አይደለም።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «እናንተን ለማመን ስታገል ለካ ሌላ መንገድ ነበረ። ከእናንተ በፊት ራሴ ማወቅ። አሁን ብትስቁም ብታኮርፉም ግድ የለኝም። ያለብኝን አውቃለሁ፤ ቀጠሮዬንም አውቃለሁ።»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ብትፈልግ ተናደድ፣ እኔ የምለውን እላለሁ። ብዙ ዓመት ያጨስክ ሰው፣ ትተኸውም ቢሆን፣ ወደ ሐኪም ሂድና «ይሄ ምርመራ ለእኔ ይሆናል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ለሁሉም አይታዘዝም፤ ዕድሜህን፣ ስንት ዓመት እንዳጨስክ፣ መቼ እንደተውክ ይጠይቁሃል። አታፍር፣ አታሳንስ። ገና የምታጨሰው ደግሞ፣ ማሽኑ ኃጢአት አያስተሰርይም፤ ተነሥተህ «ነፃ ነኝ» እያልክ በር ላይ ሲጋራ የምትለኩስ ከሆነ፣ የማሽኑን መብራት በከንቱ አታቃጥል። ዘመዶችም ስሙ። ሰው ሳንባውን የሚያሳየው እውነቱ እንደሚነገረው ሲያውቅ ነው። እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ወሬውን የምትቀበሉ ከሆነ፣ ምርመራው ደጃፋችሁ ድረስ ቢመጣም ሰው በኋላ በር ይሸሻል። በጊዜ ያወቀ በጊዜ ይታከማል፤ መታከም ባይችል እንኳ ቤቱን ያሰናዳል፣ ይቅር ይባባላል፣ እንደ ሰው ይሰናበታል። ይሄን ከሰው መስረቅ ፍቅር አይባልም።

ስንወጣ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«አዎ፣ ተነሣሁ… አለች፣ ትንሽ ነገር አለች… ምስር። ምስር ታህላለች እኮ ነው የምልሽ… ኧረ አልዋሸሁሽም!»

የሴትየዋ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል፤ «ልጄን አቅርብልኝ! እውነቱን እሷ ትንገረኝ!»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። ጋሼ አያትና ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረው።

«ልጅሽ ከእኔ ነው የሰማችው» አለ። «ሐኪሙ የነገረው ለእኔ ነው። እኔን ጠይቂኝ።»