መድኃኒት ሳይሆን ማርከሻ

ከላይ ቤቷ ልጅ ጋር የተገናኘነው ደረጃው ላይ ነው። እኔ የሞተች ዓሣ በወረቀት ጠቅልዬ እወርዳለሁ፣ እሷ ከሥራዋ፣ ከውሃ መመርመሪያው ላቦራቶሪ፣ ተመልሳ ትወጣለች። "ምነው እማማ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም" አለችኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

የልጅ ልጄ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ስትሄድ አደራ ያለችን ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ዓሦቿ ነበር። ቅዳሜ ትወጣለች ተብሏል፤ ከዓሦቹ የቀረችው ግን በቀለሟ ብርቱካን የምንላት ብቻ ናት፤ እሷም ከውሃው አናት ላይ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ልጅቱ ባዶ ገንዳ ስታይ ምን ልትሆን ነው እያልኩ እህል ከአፌ አልገባ ብሏል።

የላይ ቤቷ ልጅ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተከትላኝ ገባች።

ባለቤቴ ወጥ ቤት የዓሣ ገንዳውን ማጣሪያ ስፖንጅ በበረኪና ያሻሉ። ጡረታ የወጡት ከሐኪም ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊነት ነው፤ ያልነጣ ነገር ካዩ እንቅልፍ የላቸውም። እሷም በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ፣ ከገንዳው አጠገብ ያለው፣ ውሃው ላይ የሚጨመር ፈሳሽ የያዘው ጠርሙስ ለምን እንዳልተከፈተ ጠየቀቻቸው። ላልታመመ ዓሣ መድኃኒት አልሰጥም አሉ።

"መድኃኒት አይደለም አባባ፣ ማርከሻ ነው።"

"ማርከሻ ለተመረዘ ነው። ማን መረዛቸው?"

"ቧንቧው" አለች።

ባለቤቴ እኔን አዩኝ። ይህን ውሃ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠጡ ኖረው ምንም እንዳልሆኑ ነገሯት።

"እርስዎ ይጠጡታል፤ ዓሣዋ ግን የምትተነፍሰው እሱን ነው። ለመሆኑ በረኪና በረኪና የሚሸት አንሶላ ለአራስ ልጅ ይልኩ ነበር?"

"በእኔ ጊዜ? ሽታው ሳይለቅ ከበሩ አይወጣም።"

"የቧንቧውም ክሎሪን የዚያው ወገን ነው። ማርከሻው ለዓሣዋ ያለቀልቅላታል ማለት ነው።"

ባለቤቴ ግን እጅ አልሰጡም። ስፖንጁን አንሥተው፣ ቆሻሻ ማጣሪያ ንጹሕ ውሃ ይሰጣል ልትይኝ ነው ወይ አሏት።

"ያ ቡናማ ልጋግ ሠራተኛው ነው አባባ። የዓሣዋን መርዛማ ቆሻሻ የማይጎዳ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እዚያ ነው የሚኖሩት። እርስዎ ሠራተኛውን ሁሉ በበረኪና አሰናብተው፣ ልብሱ ለምን አልታጠበም ይላሉ።"

ባለቤቴ ሳቅ አመለጣቸው። ሲስቁ ደግሞ ነገር እንደገባቸው አውቃለሁ።

እኔ ጭንቀታሟ መሐል ገብቼ፣ ታዲያ ምን እንግዛ አልኳት። አስረዳችን። ማርከሻ ሲመረጥ የጠርሙሱ ውበት አይታይም፤ ክሎራሚን የሚባለውን የክሎሪን ዘመድም እንደሚያረክስ ጽሑፉ ላይ ይነበባል፤ እሱ እንደ ክሎሪን ውሃውን በባልዲ በማሳደር አይለቅምና። ስፖንጁ ጉድፍ ይይዛል፤ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ባለ ቀዳዳ ሸክላም የነዚያ ነፍሳት ቤት ነው፤ ከሰሉ ሽታና የመድኃኒት ትራፊ ይስባል፣ ሲደክምም ይለወጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ግን ቤቱን ማፍረስ ነው። ባለቤቴ የምድጃችን ከሰል ይሆን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለማጣሪያ የተሠራ ብቻ ነው አለች።

ከዚያ ከገንዳው ጥቂት ውሃ ቀንሳ፣ ማርከሻ የገባበት ጨመረች። እቤቷ ካለው የራሷ የዓሣ ገንዳም ነፍሳቱ የሰፈሩበት ያገለገለ ስፖንጅ አመጣችልን። ባለቤቴ ፊታቸውን ዞር አድርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ሳያጥቡም አስገቡት። እኔ እስከ ቅዳሜ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር የገንዳውን መስታወት ሳላይ አላልፍም ነበር። ብርቱካኗ ግን ቀስ በቀስ ከውሃው አናት ወረደች፤ መብላትም ጀመረች።

የልጅ ልጄ ስትገባ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ገንዳው ነው። ባለቤቴ ሌሎቹ በምን እንደሞቱ ማንም ሳያስገድዳቸው ነገሯት። አለቀሰች፤ ብርቱካኗ ወደ ጣቷ ስትመጣ ደግሞ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

እንግዲህ እናንተም ዓሣ ያላችሁ፣ ውሃው ላይ ማርከሻ ጨምሩ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በቀነሳችሁት ውሃ ብቻ ጨመቅ አድርጉ። ዓሣችሁ ይከርማል፣ ውሃችሁ አይሸትም፣ ልጃችሁም በከንቱ አታዝንም። ያቺን ልጅ ደረጃው ላይ ያገናኘኝ ፈጣሪ ይመስገን፤ ያሳደጓትም ይባረኩ።

"አባባ፣ ሌሎች መቼ እንገዛለን?" አለች የልጅ ልጄ።

"ውሃው ይደላደል" አሉ ባለቤቴ። "የላይ ቤቷ እህትሽ መርምራ ደህና ነው ስትለን። እኔ ከእንግዲህ በራሴ አልወስንም።"