ደም የቀመሰው አትሮኖስ

በእስራኤል አገር፣ በቂርያት ጋት ከተማ፣ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጀርባ የባሕር ዛፍ ጥላ ነበረ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነካው ቅጠሉ ልክ እንደ ጎንደሩ ባሕር ዛፍ ያወራል። አባ አለኸኝ ከሥሩ ተቀምጠው ሲጠርቡ ግማሽ ልባቸው እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነበር። መሮ ደግሞ ልቡ ለሌለ ሰው አይራራም።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ከመጡ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈትቶ፣ እርሳቸውም ከሰው ተራ የወጡ መስሏቸው ነበር። ለመንገድ ተብሎ የተቆረጠ የወይራ ግንድ ባገኙ ጊዜ ግን ለቤተ እስራኤላውያኑ ጸሎት ቤት ኦሪት አትሮኖስ ሊሠሩ ለቄሱ ቃል ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብለው መሄድ ጀመሩ።

ያን ዕለት የወይራው ሽታ ወንድማቸውን ምትኩን አመጣባቸው። ምትኩ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ግን ከፊት ለፊታቸው፣ ከጥላው ጫፍ፣ እንጨት በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ተቀምጦ ፈገግ አለላቸው። አጸፋውን ሊመልሱ ቀና ሲሉ መሮው ተንሸራተተ። የአትሮኖሱን ግንባር ገምሶ የግራ እጃቸውን ከአውራ ጣታቸው ሥር ሰነጠቀው። ደሙ እንጨቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ምትኩም ጠፋ።

ጎረቤታቸው ሙሉሽ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት። ከአውቶቡስ ወርዳ በአቋራጭ ስታልፍ ሽማግሌው፣ አንድ ጎረቤት ሥጋ ከጠበሰበት ቦታ አመድ አንሥተው ቁስላቸው ላይ እየነሰነሱ፣ በሌላው እጃቸው ክብሪት ሲፈልጉ ደረሰች።

«እንደምን ዋሉ አባ አለኸኝ? ኧረ ምን ሆኑብኝ?»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ፤ አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ይህን እንጨት ላቃጥለው ነው።»

«የኦሪቱን አትሮኖስ? ያን ያህል የደከሙበትን?»

«ደም ቀመሰ። ደም የቀመሰ እንጨት ጠራቢውን ሳያስከትል አይቀርም። አባቴ ያቃጥል ነበር፤ እኔም አቃጥላለሁ።»

«እንጨቱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ እጅዎን ያሳዩኝ። አመዱን ማን አዘዘልዎ?»

«አያት ቅድመ አያቴ! አመድ ደም ያቆማል።»

«ደሙንስ ያቆም ይሆናል፤ ግን ቁስሉን ከነቆሻሻው ይዘጋዋል።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» አሉና ሳቁ። ሰው ሲፈራ ተረት ይቀናዋል፤ አባ አለኸኝም ከልባቸው ፈርተው ነበር።

ሙሉሽ ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙስ አውጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። «እኔ የማቦካው ሳሙናና ውሃ ብቻ ነው፤ እራቱን ለእናቴ እንተውላት። እስኪ ይንገሩኝ፣ እንጨት ማንን አስከትሎ ያውቃል?»

ሽማግሌው ምትኩ ወደ ነበረበት የጥላው ጫፍ አዩ። ባሕር ዛፉ ብቻ አወራ።

«ምትኩን» አሉ በመጨረሻ። «ታላቄን። አልጋ ሲጠርብ እግሩን ቆረጠው። አመድና እበት አደረግንለት፤ ቁስሉ ደረቀና ደስ አለን። ኋላ መንጋጋው ገጠመ። ውሃ መዋጥ አቃተው፤ ወገቡ እንደ ቀስት ተገተረ። አገሩ ሰው በታመመ ቁጥር በእጅ ሥራችን ቡዳ እያለ እኛን ያማ ነበር። አባቴ ታዲያ ማንን ይበል? እንጨቱ ነው አለ፤ አልጋውን አቃጠለው።»

«ነፍሱን ይማር። አባ፣ ይህ በሽታ እኮ መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ እዚህ ቴታኑስ ይሉታል። በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር፣ ዓይን የማያየው ተሕዋስ ነው፤ በቁስል ይገባል። እንጨቱ ምንም አላደረገም፤ የገደለው …» ብላ ሙሉሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጨርሺው እንጂ። ያደረግንለት መድኃኒት ነው ልትዪ አይደል? እኛው ነና የገደልነው?»

አዲስ እውቀት አንዳንዴ ወደ ኋላ ተመልሶ የቆየ መቃብር ይከፍታል። ያማል። ሙሉሽም አሟት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አላወቃችሁም፤ ያላወቀ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን እርስዎ ያውቃሉ። አውቀው አመዱን ቁስሉ ላይ ከተዉት ያኔ ይፈረድብዎታል።»

አባ አለኸኝ እጃቸውን ዘረጉላት። ውሃው አመዱን ይዞ ወረደ።

«እሺ፣ እጄስ ይታጠብ» አሉ ቆይተው። «አትሮኖሱ ግን ግንባሩ ተገምሷል። የተጣፈ ነገር ለበርጩማ እንጂ ለኦሪት አይቀርብም።»

«የቄሱን ኦሪት ብራናውን ከቅርብ አይተውታል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ገና ጎንደር ሳለን!»

«እኔም ባለፈው የስግድ በዓል አይቼዋለሁ። አንዱ ገጽ ላይ ምን አለ?»

አባ አለኸኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገጹ መጣላቸው። ቆዳው ሲፋቅ የተቀደደ ቦታ ነበረ፤ በጅማት ተሰፍቷል። ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ቃሉን ከወዲህና ከወዲያ አድርጎ፣ ውሃ ድንጋይን እንደሚዞር ዞሮት ጽፏል።

«ተሰፍቷል» አሉ በቀስታ።

«መጽሐፉ ራሱ ተሰፍቶ ከተቀደሰ መቀመጫው ቢጣፍ ምን ነውር አለው? በሉ ይነሡ፤ ክሊኒኩ፣ ቁፓት ሆሊም፣ ሳይዘጋ እንድረስ። መንጋጋ ቆልፍን የምትከላከል አንዲት ዝሪካ ናት።»

«መርፌ?»

«ከመሮው አይብስም አባ።»

ሽማግሌው ሳቁና ክብሪቱን ሰጧት።

እጃቸው ሲድን ወደ ወይራው ተመለሱ። ደሙ ያን ያህል አልጠለቀም፤ በመላጊያ ጥቂት ሲፋቅ ለቀቀ። የተገመሰውን ቦታ አራት ማዕዘን አድርገው ቆረጡና ከዚያው ግንድ መስመሩ የሚገጥም ቁራጭ መርጠው በማጣበቂያ ተከሉበት። እንጨት በጉልበቶቻቸው መሃል መያዝ ቀረ፤ ከጠረጴዛ ጋር በሞርሳ ያስሩታል።

በሰንበት ቄሱ ኦሪቱን በአትሮኖሱ ላይ ዘረጉ። የተጣፈውን ቦታ ጣታቸው ሲያገኘው ወደ አባ አለኸኝ አይተው ራሳቸውን በይሁንታ ነቀነቁ። ከጸሎት በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ሲከቧቸው አባ አለኸኝ አውራ ጣታቸውን አሳዩ። «ከስለት ፊት እጅ አይቀመጥም» አሉ። «የተቆረጠ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ መርፌም ይወጋል። ያኔ ጣታችሁ ለሥራ፣ እናንተም ለልጆቻችሁ ትተርፋላችሁ። የተበላሸ እንጨትም ይታከማል እንጂ አይቃጠልም። ይህን ያስተማረችኝ ያቺ ልጅ ናት፤ ያቦካችውም ለእራት በቅቷል።»

በማግስቱ ከባሕር ዛፉ ሥር አዲስ እንጨት ሲጀምሩ ቅጠሉ ተንሾካሾከ፤ ምትኩም ከጥላው ጫፍ መጥቶ ተቀመጠ።

«እንጨቱ አይደለም ወንድሜ» አሉት። «እኛ ነን፤ አላወቅንም ነበር። ይቅር በለን።»

ምትኩ ፈገግ አለ። አባ አለኸኝ መጀመሪያ መሮውን መሬት አስቀመጡ፤ ከዚያ ቀና ብለው ፈገግ አሉለት።