ቤት ማሳመር ትችልበታለች

ነይ ግቢ፣ ነይ የኔ ቆንጆ... ጨርቁን ገፋ አድርጊውና እዚያ ወንበር ላይ አረፍ በይ። መርፌ እንዳይወጋሽ ብቻ መጀመሪያ በእጅሽ ዳበስ አድርጊው። ዛሬስ ፀሐዩ እንዴት ነው? መንገዱ ሁሉ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ልጆችስ ደህና ናቸው? እሰይ።

እና መጋረጃ ልታሰፊ መጣሽ። የማንን ዓይነት?... የወንድሜን ሚስት! ምርጫ ታውቂያለሽ። እሷን የመሰለ ቤት ማሳመር የሚችልበት ሰው የት ይገኛል? ጓደኛዋ ስለሆንሽ አይደለም እንዲህ የምልሽ። እኔው ነኝ የሰፋሁላት፣ እኔው ነኝ መሰላል ላይ ወጥቼ የሰቀልኩላት። ፊቱ ሐር የመሰለ፣ የሚያበራ! ገበሩ ግን ሸካራ ነው... እንዴ፣ የመጋረጃውን እኮ ነው የምልሽ! ደግሞስ ገበሩን ማን ያየዋል? "ፊቱ ይመር እንጂ የውስጡ ግድ የለም" ብላኛለች። እውነቷን አይደል?

ዓይን አላት። ሌላው ሰው ጋ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። እሷ ጋ ዓይኗ አይቶ ዓይኗ ይፈርዳል፤ ልቧን በከንቱ አታደክመውም።

ያ ሳሎን ድሮ እንዴት እንደነበር ታስታውሺዋለሽ? እማዬና አባዬ ለፍተው የሠሩት ቤት ነው፤ ወንድሜ ሲያገባ ነው እማዬ "ልጆቼ ይኑሩበት" ብላ የለቀቀችላቸው። የአባዬ ቁም ሳጥን እዚያ፣ የእማዬ ባለ ክንድ ወንበር መስኮቱ ሥር። እዚያ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስታይ ነበር የምትውለው። ማን አዲስ ጫማ ገዛ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ አንድም አያመልጣትም ነበር።

ታዲያ የወንድሜ ሚስት አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞር ዞር ብላ አየችና "አሮጌ ነገር የክፍሉን ብርሃን ይሻማል" አለች። አቤት ዕውቀት! መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ወጣ። ከዚያ ወንበሩ። ግድግዳው ነጭ ተቀባ፣ አመድማ ሶፋ ገባ። ወንድሜማ ታድሏል፣ ከሶፋው ጋር አንድ ናቸው... ማንም ቢቀመጥባቸው ድምፅ የላቸውም።

ቀጥሎ የእማዬ አልጋ ከቀለሙ ጋር አልሄደም ተባለ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉ የለ? የኛዋ በለጠች፤ አልጋውን ራሱን ወደ ውጭ አወጣችው! ጓሮ ወዳለችው ዕቃ ቤት። መስኮት የላትም። "መስኮት ከሌላት መጋረጃ አያስፈልጋትም" አለችኝ። ሥራ ስትቀንስልኝ እኮ ነው፣ ስታስብልኝ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? እማዬም ቀስ በቀስ... ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ጓሮ፣ በእግሯ ሄደች። ማን ገፋት? ማንም። "እናንተን ከተመቻችሁ" ብላ ትራሷን ራሷ ተሸክማ።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ዕለት እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ፣ የመጨረሻውን መጋረጃ ቀለበት ዘንጉ ላይ እያስገባሁ። እንግዶቹ "ውይ! ውይ!" ይላሉ። ቢሉም አይፈረድባቸውም፣ ያምራል። በዚህ መሀል እማዬ በጓሮ በር ብቅ አለች። መነጽሯን አድርጋ፣ ያቺን ክርኗ የተጣፈ ሹራብ ደርባ... ወንበሯ የነበረበት ቦታ ሄዳ ቆመች። አንዷ እንግዳ "እኚህ እናት ማን ናቸው?" ብላ ጠየቀች።

የወንድሜ ሚስት ምን ብትል ጥሩ ነው? ሳቅ ብላ፣ በዚያ ማር በመሰለ አንደበቷ፣ "እሳቸው? ቤት የሚያግዙን ሴትዮ ናቸው" አለች።

ትሕትናዋን አየሽልኝ? ሌላዋ ብትሆን "ቤቱን የሠሩት አማቴ ናቸው" ብላ ትኮራ ነበር!

ወንድሜን አየሁት። ስልኩን ያያል። እማዬ ጎንበስ ብላ የእንግዶቹን ብርጭቆ በትሪ ሰበሰበችና ወደ ማድቤት ገባች... ምራቷ ውሸታም እንዳትባል፣ ልጇ እንዳያፍር። ቀለበቱ ከእጄ አመለጠኝ። ከፍታው ይሆናል። ወርጄ ስከተላት ብርጭቆውን እያጠበች ነው። "እማዬ!" ብላት ዞር እንኳ ሳትል፣ "ሰቅለሽ ጨርሺ። ሰው ቤት ሥራ በእንጥልጥል አይተውም። ስትወጪ ይዘሽኝ ትወጫለሽ" አለችኝ።

ሰው ቤት... አለች እማዬ።

ሰቅዬ ጨረስኩ፣ እጥፋቱን አስተካከልኩ፣ ይዣት ወጣሁ። በማግስቱ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ። ስለ እማዬ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር... ለካ ስለ መጋረጃው ልታመሰግነኝ ኖሯል። ውለታ አትረሳም። የጓሮዋ ክፍልም አሁን የጫማ ማስቀመጫ ሆናለች አሉ። ቦታ አታባክንም እኮ!

አዎ፣ ያቺ ከስፌት መኪናው ጀርባ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው እማዬ ናት። ኋላ ሰላም በያት። ክር ትለቅምልኛለች። ወንድሜ ባለፈው መጥቶ፣ እንደ ልጅነቱ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። "ነይ ወደ ቤትሽ እንሂድ" ሲላት ፀጉሩን ዳበሰችና ምን አለችው መሰለሽ? "የኔ ልጅ፣ እኔ ከነጭ ግድግዳ ጋር አልሄድም።" ምራቷን ግን በክፉ አላስነሳም ብላለች። እኔስ መቼ አነሳሁ? ይኸው ከገባሽ ጀምሮ ሳመሰግን አይደል?

በይ ወደ ሥራችን። ስሱን ለቀን፣ ወፍራሙን ለማታ እናደርገዋለን። ዘንጉን ከመስኮቱ ከፍ አድርገን ከሰቀልነው ጣሪያው ራሱ ከፍ ያለ ይመስላል። ጫፉ ወለሉን ይንካ እንጂ አይጎተት። ገበሩን ግን እባክሽ ለስላሳ እናድርገው፤ ገበሩ የሚነካው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው።

የወንድሜን ሚስት ስታገኚያት ምርቃቴን አድርሺልኝ፣ አደራ። ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ሽበቷን ያሳያት። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላት፣ ከሷ ቤት የበለጠ ያማረ ቤት ይሥሩ፣ እሷም በስተርጅናዋ ከነሱ ጋር ትኑር። ለሁለቱም ደግሞ... ፈጣሪ ቁርጥ እሷን የመሰለች ሚስት ይስጣቸው።

አሜን በይ እንጂ!