ስለ ጀሪካኑ ቤንዚንና በባትሪ ስለሄዱት ሽማግሌዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ገብረ ኢየሱስ ሽብሩ
ዕድሜ፦ 67 (ምስክሩ «በግምት ነው» ብለዋል)
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስት የሞተችባቸው
ሥራ፦ የታክሲ ሹፌር፣ በራሳቸው መኪና
የትምህርት ደረጃ፦ ፊደል የቆጠሩ፣ ስማቸውን የሚጽፉ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡30 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ከቆመ ታክሲ ቤንዚን በመስረቅ ስለተጠረጠረው ቡርሃን ሐምዱ፣ ዕድሜ 29

እኔ ስሜ ከላይ የተመለከተው ምስክር ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ወደ ጣቢያው ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ተሰረቀ የተባለው ቤንዚን የእኔ ነው። ተሰረቀባት የተባለችውም ታክሲ የእኔ ናት። እኔ ግን ምንም አልተሰረቀብኝም።

ተጠርጣሪውን አሥር ዓመት ያህል አውቀዋለሁ። ቃሌን ከመቀጠሌ በፊት «ተጠርጣሪ» የሚለው እንዲቀርና ስሙ እንዲጻፍ አመልክቻለሁ። ቃሌን የሚቀበሉት ሃምሳ አለቃ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው ብለው ቢያስረዱኝም ስሙ ካልተጻፈ አልቀጥልም ስላልኩ ከዚህ በኋላ ቡርሃን ተብሎ ተጽፎልኛል።

ቡርሃን ከወሎ የመጣ፣ በአንድ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ጎረቤቴ ነው። ሥራው የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር መጠቅለልና ባትሪ ማደስ ነው። ባለቤቴ ሙሉመቤት ከሆስፒታል ስትመለስ የግቢውን ደረጃ በጀርባው አዝሎ ያወጣት እሱ ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ከሰው ጋር መነጋገር ትቼ በነበረ ጊዜ፣ ስለ መኪና እየነካካ አናዶ ያናገረኝም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስንጨርስ በራፍ ላይ ቁጭ ብለን ሳንከራከር የዋልንበት ቀን የለም። ክርክሩ ጠብ አልነበረም። ጠብ ነው ያለ ሰው ካለ ውሸት ነው።

ክርክሩ የተነሣው ቡርሃን ከምናለሽ ተራ ሴይቼንቶ የምትባለውን ትንሽ መኪና፣ አሮጌና ሞተር የሌላት፣ አምጥቶ ከዕቃ ማንሻ መኪና የወጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለገጠመላት ነው። ሞተሩን ያገኘበት ወረቀት አለው፣ አይቼዋለሁ። በኋላ ወንበር ፋንታ ስድስት የጭነት መኪና ባትሪ ስለደረደረ መኪናዋ ከሹፌሩ ሌላ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔም ሴይቼንቶ ነው የምነዳው፤ የእኔዋ ግን በቤንዚን ነው። አንድ ሊትር ከተሰጣት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። የሱዋ ዘጠኝ ሰዓት ቆማ ጠጥታ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ በልመና ነው የምትሄደው።

ይህን ስነግረው እንዲህ ይለኝ ነበር፦ «ጋሼ፣ ከአሥር ኩባያ ቤንዚን ሰባቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እርስዎ የሚነዱት በሦስቱ ነው። ምድጃ ተሸክመው ነው የሚዞሩት።»

«ምድጃም ቢሆን ሰው ያደርሳል» እለዋለሁ። «አንተ ጅማ ሂድ ብትባል ሽቦ እየጎተትክ ልትሄድ ነው?»

«እርስዎስ ጅማ የሄዱት መቼ ነው? ቀኑን ሙሉ ከተክለ ሃይማኖት መሳለሚያ አይደል የሚመላለሱት?»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«መብራት ከጠፋበት ቀን ቤንዚን የጠፋበት አይበልጥም?»

ነዳጅ በኩፖን ስለሆነና ሰልፉም የሚታወቅ ስለሆነ ነገሩን አዙሬ ሌላ አምጥቻለሁ። ቆጣሪያችን የጋራ ስለሆነ ባትሪውን ሲሞላ የግቢው አምፖል ሁሉ ይቀላል። ጎረቤታችን እትዬ ሰዓደትም «የአንዱ መኪና ይሸተኛል፣ የአንዱ መብራቴን ይጠጣል፤ ሁለታችሁንም አላህ እግረኛ ያድርጋችሁ» ስትል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ቡርሃን ኮልፌ የምትኖረውን ካሚላ የምትባለውን ልጅ ለማግባት ፈልጎ አባቷ አቶ ሸምሱ ሽማግሌ እንዲመጣ ፈቀዱ። ቀጠሮው ትናንት እሁድ ግንቦት 10 ቀን ከጠዋቱ በ4፡00 ሰዓት ነበር። ሽማግሌ ሆነን የተመረጥነው የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አብዱልሰላምና እኔ ነን። እኔ ክርስቲያን ሆኜ መመረጤ እንዳይገርም፤ ቡርሃን ራሱ «ጋሼ ካልሄዱልኝ አልልክም» ብሏል። በምን እንሂድ የሚለው ክርክር ሳምንት ፈጅቷል። በመጨረሻ ሽማግሌ በቤንዚን ነው የሚሄደው ብዬ ቆረጥኩ።

በየመንገዱ ዳር ካደረ መኪና ቤንዚን በአፍ እየሳቡ የሚወስዱ ሌቦች ስለበዙ፣ እኔ ማታ ማታ ቤንዚኔን ራሴ በላስቲክ ቱቦ ስቤ በጀሪካን ቤቴ አስገባለሁ፤ ጠዋት እመልሰዋለሁ። የሴይቼንቶ ቤንዚን የሚሞላው ከፊት በኩል ክዳኑ ሥር ስለሆነ ክዳኑን አስበስቼ ጓጉንቸር አድርጌበታለሁ። ባዶውን ለምን እንደምቆልፍ ሃምሳ አለቃው ጠይቀውኛል። ሌባ ባዶ መሆኑን እንዳያውቅ ነው።

እሁድ ጠዋት ከሙሉመቤት ጋር ፎቶግራፍ የተነሣሁበትን ኮት አውጥቼ፣ ጫማ አስጠርጌ፣ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ስለነበር ቤንዚኑን በራፍ ላይ ካወጣሁ በኋላ ወደ ታክሲዋ መመለስ ረሳሁ። ታክሲዋ በቀረላት ጠብታ ተነሥታ ሐጂን ከቤታቸው አሳፈርኩ። መሳለሚያን ጥቂት እንዳለፍን በ3፡35 ሰዓት ገደማ ቆመች። ሐጂ «ምን ሆነች?» ሲሉኝ «ትንፋሽ እየወሰደች ነው» አልኳቸው። ይህ ውሸት መሆኑን አምናለሁ።

በ3፡50 ሰዓት ቡርሃን በባትሪ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ አጠገባችን ቆመ። ጀሪካኑንና ቱቦውን በራፌ ላይ ያየችው እትዬ ሰዓደት ነግራው ይዞልኝ ተከትሎን መምጣቱ ነው።

«ጋሼ፣ ምሳዎን ረስተው ወጡ» አለኝ ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ።

«አፍህን ያዝና አምጣ» አልኩት።

ክዳኑን ልከፍት ኪሴን ብፈትሽ የጓጉንቸሩ ቁልፍ የለም። የሥራ ካፖርቴ ውስጥ ቀርቷል። ሐጂ አብዱልሰላም ይህን ሲያዩ «ገብረ ኢየሱስ፣ የቆለፍከው ከሌባ ነው ከራስህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቡርሃን በሱ መኪና እንድንሄድ ለመነኝ። «ባትሪ ለሬዲዮ ነው፤ ሽማግሌ በባትሪ አይሄድም» አልኩት። በዚህ ጊዜ ሐጂ ተቆጡ። «ሸምሱ ለማክሰኞ የሌላ ቤት ሽማግሌ ቀጥሯል። ዛሬ ካልደረስን ልጅቱ ሄደች። አንተ ከልጁና ከቤንዚን ማንን ነው የምትድረው?» አሉኝ። ይህ ቃል አጥንቴን ስለነካኝ ባትሪዋ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ቡርሃን ራሱ ያልነዳው ሦስተኛ ሰው ስለማይገባና፣ የሚያገባ ልጅ ከሽማግሌ ጋር ደጅ መድረሱ ነውር ስለሆነ ነው። ስለዚህ መሪውን ለእኔ ሰጥቶ «ይርገጡት ብቻ» ብሎኝ ከታክሲዬ፣ ከጀሪካኔና ከቱቦዬ ጋር ቆሞ ቀረ። ታክሲዬን እንዲጠብቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቤንዚኑን ይዞ እንዲቆይ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።

ስለ ጉዞው ተጠይቄ የምመልሰው ቢኖር መኪናዋ ትሄዳለች። ስትነሣ ድምፅ ስለሌላት የጠፋች መስሎኝ ሁለት ጊዜ ቁልፉን አዞርኩ። እግሬ የማያስፈልግ ፍሪሲዮን ሲፈልግ ነበር። ሰውም ስለማይሰማት ራሴን በመስኮት አውጥቼ «ዞር በሉ!» እያልኩ ነው ኮልፌ የደረስኩት። ሐጂ መንገዱን ሙሉ ሲጸልዩ ነበር። ከድልድዩ በኋላ ያለውን ዳገት በተመለከተ፣ የእኔዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች የምትወጣውን ያቺ ስድስት ባትሪና ሁለት ሽማግሌ ተሸክማ ሳታቃስት ወጣችው። ይህን የምናገረው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። ቀጠሮው ላይ የደረስነው በ4፡05 ሰዓት ነው።

አቶ ሸምሱ በክብር ተቀበሉን። ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው ሲሉኝ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ግትር ነው፤ ግን ሰው ሲያረጅ ጥሎ አይሄድም» አልኩ። ከሌላ ክፍል የሴት ሳቅ ተሰማ። አቶ ሸምሱም «ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ራሱ ይምጣና እጄን ይጨብጥ። ቀን እንቆርጣለን» ብለው አሰናበቱን። ሰኞ ዛሬ ነው።

በ7፡00 ሰዓት ገደማ ደስታውን ልነግረው ስመለስ ታክሲዬ ቆማለች፤ ቡርሃን የለም። እዚያ ሎሚ የምትሸጥ ሴት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች እንደወሰዱት ነገረችኝ። ቀበሌ ሄድኩ፤ ወደ ፖሊስ ተልኳል ተባልኩ። ጣቢያ መጣሁ፤ ነገ ና ተባልኩ። ሐጂን ቤታቸው አድርሼ የባትሪ መኪናዋን ወደ ግቢያችን ወሰድኩ። ሲሰካ ሁልጊዜ አይ ስለነበር እኔው ሰካኋት። አምፖሉ ሁሉ ቀላ። እትዬ ሰዓደት ወጥታ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

ቡርሃን ሲያዝ የሰጠው መልስ ተነቦልኛል። የታክሲው ባለቤት የት ነው ሲሉት «በባትሪ መኪና ለሽምግልና ሄዷል» ማለቱ በጓዶች ላይ ማሾፍ ተብሎ ተመዝግቧል። ማሾፍ አይደለም። በየትኛው ቤት ሲሉት አልናገርም ያለውም ወንጀል ሊደብቅ አይደለም። ጠመንጃ የያዘ ሰው በሽምግልና ሰዓት አቶ ሸምሱ ደጅ ቢደርስ ነገሩ እዚያው እንደሚሞት ስላወቀ ነው። በእኔም ላይ እንዳይመጣብኝ ጀሪካኑን «የራሴ ነው» ማለቱን ሰምቻለሁ። ነዳጅ የማትፈልግ መኪና ያለው ሰው ቤንዚን ምን ያደርግለታል? ይህ ይታሰብ።

ለማስረጃ የጓጉንቸሩን ቁልፍ አቅርቤአለሁ። ታክሲዬ እስካሁን እዚያው ስላለች ቁልፉ ይሞከር። ቱቦው የእኔ ለመሆኑ ጫፉ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ፤ ከላይ ሁለት ጥርስ ስለሌለኝ ምልክቱ መሐሉ ክፍት ነው። ቱቦው ቀርቦ አፌን ከፍቼ አሳይቻለሁ። የባትሪ መኪናዋም ነድቻት መጥቼ በጣቢያው ግቢ ቆማለች። የማያምን ይርገጣት።

ሃምሳ አለቃው ቤንዚን በቤት ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን፣ ይህን ቃል ከሰጠሁ ኩፖኔ ሊያዝና በታክሲ መሥራቴም ሊቀር እንደሚችል አስጠንቅቀው ቃሌን መተው እንደምችል ነግረውኛል። አልተውም። ታክሲዋ ብትቆም እኔ ነኝ የምቆመው። እሱ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ኮልፌ ካልደረሰ ግን የሚቀረው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ለምኜ ነበር። ስለ ዳገቱ የተናገርኩት ለቡርሃን እንዳይነበብለት። ሃምሳ አለቃው ቃሌ እንዳለ በፊቱ ካልተነበበና እሱም ካላመነበት መፍታት እንደማይቻል አስረድተውኛል። እንግዲያው ይነበብ ብያለሁ።

ከላይ ያለው ሁሉ ተነቦልኝ ያልኩት ያው ነው፤ የጨመሩብኝም የቀነሱብኝም የለም። ሐሰት ከተገኘበት ተጠያቂው እኔ ነኝ። በአሻራ እንድፈርም ብባልም ስሜን መጻፍ ስለምችል በእጄ ጽፌአለሁ።

ገብረ ኢየሱስ ሽብሩ (ፊርማ)

ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ሙሉብርሃን ኃይለመለኮት (ፊርማ)

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ቁልፉ ታክሲው ላይ ተሞክሮ ከፍቷል። ቃሉ ከቀኑ 7፡15 ሰዓት ላይ በቡርሃን ሐምዱ ፊት ተነቧል። ቡርሃን የሚቃወመው ነገር እንዳለ ሲጠየቅ የለኝም ብሎ፣ ስለ ዳገቱ ያለው ብቻ እንዲደገምለት ስለጠየቀ ተደግሞለታል። ምስክሩ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረዋል። በ7፡40 ሰዓት ተለቆ ሁለቱም በባትሪው መኪና ወጥተዋል። የነዱት ምስክሩ ናቸው።