የበቅሎዋ የኋላ እግሮች

(የበዓል ከሰዓት፣ አዳማ። ቴሌቪዥኑ የዛሬ አርባ ዓመት መድረክ ላይ የታየውን «የደብሪቱ ሰርግ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት በአዲስ መልክ እያሳየ ሳለ፣ ጡረተኛው ተዋናይ ደምረው ሶኬቱን ነቅሎ ይዟል። ሚስቱ ሸዋረጋ ፊቱ ቆማለች።)

ሸዋረጋ፦ ሰካው አልኩህ! ሙሽራዋ ልትወጣ ነው።

ደምረው፦ በምን? በባጃጅ! በቅሎዋን አውጥተው ባጃጅ ከተቱ!

ሸዋረጋ፦ የእህትህ ልጅ ባለፈው ጥር በምን ወጣች?

ደምረው፦ እሱ ኑሮ ነው፤ ይሄ ጥበብ ነው!

ሸዋረጋ፦ ባጃጁም አልከፋም። መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ እንባዬ መጣ።

ደምረው፦ ለባጃጅ አለቀስሽ? እኔ ስድስት ወር ሙሉ ቆዳ ለብሼ በቅሎ ሆኜ…

ሸዋረጋ፦ ግማሽ በቅሎ። የኋላውን።

ደምረው፦ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ይላል መጽሐፉ።

ሸዋረጋ፦ መጽሐፉ ስለ በቅሎ አላወራም።

ደምረው፦ በቅሎዋ እስክስታ ስትወርድ አዳራሹ አልነበር እንዴ የሚናጠው?

ሸዋረጋ፦ እስክስታ በትከሻ ነው። ትከሻው ያለው ፊት ነው፤ ፊት ደግሞ አብሮህ ቆዳውን የሚለብሰው ጓደኛህ መንበሩ ነበር።

ደምረው፦ ጭራውስ?

ሸዋረጋ፦ ጭራው በሲባጎ ነው የሚጎተተው! በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

ደምረው፦ ታዲያ አሥራ አንድ ጊዜ ትኬት ቆርጠሽ የመጣሽው ማንን ብለሽ ነው?

ሸዋረጋ፦ ተወው።

ደምረው፦ ካልተናገርሽ አልሰካም።

ሸዋረጋ፦ ትከሻውን ብዬ ነዋ!

ደምረው፦ የመንበሩን?

ሸዋረጋ፦ ምን ላድርግ? ለጭብጨባ እንኳ ቆዳውን አታወልቁም፤ መልካችሁን በምን ልወቀው? «ለበቅሎዋ የፊት እግሮች» ብዬ ደብዳቤ ላክሁ። አበባ ይዘህ ከተፍ ያልከው አንተ! ፊተኛው መስለኸኝ አገባሁህ።

ደምረው፦ መቼ አወቅሽ?

ሸዋረጋ፦ በሰርጋችን ቀን፣ ስትጨፍር። ትከሻህ አይነቃነቅም።

ደምረው፦ አርባ ዓመት ዝም አልሽ?

ሸዋረጋ፦ ፈራሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነው፤ በኋላ ግን ከሰማ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። እና… ትሄዳለህ?

ደምረው፦ ወዴት እሄዳለሁ? መንበሩ እኮ ማንበብ አይችልም ነበር።

ሸዋረጋ፦ ተዋናይ ሆኖ?

ደምረው፦ በቅሎ ምን የምታነበው አላት? ደብዳቤሽን «አንብብልኝ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

ሸዋረጋ፦ አንተ! ምን ብለህ አነበብክለት?

ደምረው፦ «እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ለቀበሌ ስብሰባ እንዲገኙ» ብዬ። እኔ በራችሁ ላይ አበባ ይዤ ስቆም፣ እሱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሊቀመንበሩን ይጠብቅ ነበር።