ጋራዥ በነበረው ጓሮ የበቀለ ጎመን

አምና ክረምት ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ ከአንድ በረንዳ ስር ሰበሰበን። መምህር ነኝና ክርክር ስሰማ ጆሮዬ አያስችለኝም። አቶ ደገፉ ለነፍሰ ጡር ምራታቸው ለትርፌ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘዋል። ጎረቤታቸው ብሩክታይት፣ በዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር የምትማረው፣ ጎመኑን አይታ ደነገጠች።

«አባባ፣ ከአዲሱ ቤትዎ ጓሮ ነው? እዚያ እኮ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ጋራዥ ነበር!»

«ታዲያስ? እኛ ወላይታዎች ለቤት የቀረበ መሬት ምርጥ እንደሆነ እናውቃለን። ፍጉም አመዱም እዚያ ነው የሚደፋው። ቅጠሉን እስቲ እዪው!»

«ገጠር እውነትዎን ነው። እዚህ የተደፋው ግን የባትሪ እርሳስ ነው። ቅጠሉን ላያጠወልግ ይችላል፤ ፅንስ ግን ይጎዳል።»

«ሥር ሞኝ አይደለም ልጄ፤ የሚበጀውን መርጦ ነው የሚጠጣው።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ተረታች ብዬ ነበር።

«ሁልጊዜ አይመርጥም አባባ። በሩቅ ውቅያኖስ ደሴቶች የአቶም ቦምብ ተሞክሮ መርዛም ብናኝ ወረደ። አፈሩ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያንሰዋል፤ በብናኙ ያለው ሲዚየም ደግሞ ፖታሲየምን ይመስላል። የተራበው የኮኮናት ዛፍ እሱኑ ጠጣ። ፖታሲየም ሲጨመርለት ግን የሚወስደው መርዝ በጣም ቀነሰ።»

አቶ ደገፉ ጎመኑን እያዩ፣ «በሰባ ሰባቱ ረሃብ እኛስ ምን ያልበላነው አለ?» አሉ። «እንግዲያው አመድ ልጨምርበት?»

«አመድ ፖታሲየም አለው፤ እርሳሱን ግን አያስወጣም። እዚያ ጎመን አይተከል።»

«ለፍየሌስ ልስጠው?»

«ፍየሏንስ ማን ሊበላት ነው?»

ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ትርፌን ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ አበላኋት!» ብለው እንባቸው መጣ።

«አይዞዎት፣ የደም ምርመራ አለ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

ዝናቡ ሳያባራ ሄዱ። ትርፌ ተመረመረች፤ ጌታ ይመስገን፣ ወደ ደሟ ገና ብዙ እርሳስ አልገባም። አፈሩ ግን ብሩክታይት ዩኒቨርሲቲ ወስዳ ስታስመረምረው እርሳስ ሞልቶት ተገኘ። አቶ ደገፉ ጓሮውን ሣር አለበሱት፤ ጎመኑንም ከበዴሳ ገጠር ባስመጡት ንጹሕ አፈር፣ በእንጨት ሳጥን ተከሉ። ትርፌም ጤነኛ ሴት ልጅ ወለደች።

ሕፃኗ በቤተ ክርስቲያን ለጸሎት በቀረበችበት እሑድ እኚያ ኩሩ ሰው ከጉባኤው ፊት ቆመው፣ «ይህችን ልጅ ልጎዳት የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቦታ ስትገዙ በፊት ምን ይሠራበት እንደነበር ጠይቁ። አፈሩን አስመርምሩ። የተማረ ልጅ ሲናገርም ስሙ፤ እኔ ለጥቂት ነው የዳንኩት።»

በማግስቱ በብሩክታይት ደጅ ላይ አፈር በፌስታል የያዙ አሥራ አንድ ሰዎች ቆመው ነበር። አንደኛው እኔ ነኝ።